የአያት ጠመንጃ ቃታ አልይዝ ሲል

በወሎ ገጠር ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሚኖርበት ቤት ዛሬም አለ። ባለቤቱን ስለ ጠመንጃው ብትጠይቁት መጀመሪያ ታሪኩን ያወራችኋል። ቀጥሎ «ቃታው ግን ሞቷል» ይላችኋል። እዚህ ቃታ የምለው መዶሻውን ይዞ የሚለቀውን የጎን መሣሪያ በሙሉ ነው፤ በጣት የሚሳበውን ምላጭ እለዋለሁ። እኔ ይህን ቶሎ አልቀበልም። ሞተ ከሚባለው ቃታ ብዙው ቆሻሻ፣ የደረቀ ቅባት ወይም ያበጠ እንጨት የያዘው ነው። የሚገድለው ከዚያ በኋላ «ላስተካክለው» ተብሎ የሚመጣው ሞረድና እሳት ነው።

እዚህ የምንነጋገረው በዋናነት ከጎኑ መዶሻ ስላለው፣ መዶሻው ወርዶ ካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን የሚያስነሣውን ትንሽ ቆብ፣ ስለሚመታው ጠመንጃ ነው። በእሳት ክር የሚተኮሰው ነፍጥ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ማጽዳትና ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። ባለ ባልጩቱ፣ በባልጩት ብልጭታ የሚተኮሰው፣ ውስጡ ከባለ ካፕሱሉ ብዙም አይለይም፤ ልዩነቱን ኋላ እነካዋለሁ።

ሰናድር ያላችሁም አንብቡ። ሰናድር ከኋላ ቢጎርስም፣ የጎን ቃታው ከእንግሊዞቹ የ1853 እ.ኤ.አ. እንፊልድ የመጣ ነው። ያንኑ በአፈሙዝ ይጎርስ የነበረ ጠመንጃ ከኋላው ቆርጠው መክፈቻ አበጁለት፤ ቃታውን ግን አልነኩትም። ሰናድር መጀመሪያ ከተዋጋባቸው ሜዳዎች አንዱ ደግሞ እዚሁ ወሎ ነው። መቅደላ ሥር፣ አሮጌ ሜዳ ላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። ከዐፄ ቴዎድሮስ ወታደር አብዛኛው ጠመንጃ ያለው በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ነበር የያዘው። ስለዚህ ምሰሶው ላይ ያለው ብረት ዝም ብሎ ብረት አይደለም። እጃችሁ ሲነካው ይህን አስቡ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አሮጌ ነው ብላችሁ የፈቃዱን ጉዳይ አትለፉት፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያላችሁበት ወረዳ ፖሊስ ጋር ሄዳችሁ ጠይቁ። ጠመንጃው የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የሙዚየም ንብረት ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትፍቱት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ይወቀው።

ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ይህን ሳታደርጉ አንድም ብሎን አትንኩ። ባሩድ እርጥበት ካልነካው አይሞትም። መቶ ዓመት የቆየ ባሩድ ዛሬም ይነዳል። «አባቴ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልነካውም» ማለት «ባዶ ነው» ማለት አይደለም። እንዲያውም ጎርሶ የተሰቀለ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ መዶሻው ሥር ካፕሱል መኖሩን እዩ። ቀይ ወይም ነጣ ያለ ትንሽ የመዳብ ቆብ ኒፕሉ ላይ፣ ማለትም ካፕሱሉ በሚሰካበት ቀዳዳ ባለው ትንሽ ጉጥ ላይ፣ ተቀምጦ ካያችሁ አትቆርቁሩት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ፣ ኒፕሉ ዙሪያ ዘይት ጠብ አድርጉና በደንብ ዘልቆ እስኪገባ ተዉት። ከዚያ በእንጨት ስንጣሪ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት።

ቀጥሎ መጠቅጠቂያ ዘንጉን፣ ከሌለ ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ፣ በአፈሙዙ አስገቡ። ፊታችሁም እጃችሁም ከአፈሙዙ ትይዩ አይሁን፤ ዘንጉን ከጎን በሁለት ጣት ያዙት። አልሄድ ሲል አፈሙዙ አፍ ላይ ዘንጉን በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። አውጡትና ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክላችሁ ከበርሜሉ ውጭ አስተኙት። የዘንጉ ጫፍ ኒፕሉ ያለበት ቦታ ድረስ ከዘለቀ በርሜሉ ባዶ ነው። ሦስት አራት ጣት ሲቀረው ከቆመ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። የአይጥ ጎጆ ሊሆን ይችላል፤ ባሩድና እርሳስም ሊሆን ይችላል። እንደ ጎረሰ ቁጠሩት። በአፈሙዙ ውሃ ሙሉበት፣ ይደር፣ ከዚያ ለሚያውቅ ባለሙያ ወይም ለፖሊስ አሳዩት። ባሩድ እርጥብ እስካለ አይነድም፤ ሲደርቅ ግን ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ውሃ አጠጣሁት ብላችሁ መልሳችሁ አትስቀሉት። በጥይት ለማስወጣት ብሎ መተኮስ የሚባል ነገር አይታሰብም።

ውስጡን ለማየት የስልክ ባትሪ ተጠቀሙ። ሻማና ኩራዝ አታስጠጉ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

ውድ ነገር የለውም፤ ደሴ ገበያ ሁሉም ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ካቻቢቴው ነው። አፉ የብሎኑን ስንጥቅ በስፋትም በውፍረትም ሞልቶ መቀመጥ አለበት። የድሮ ብሎን ስንጥቅ ጠባብ ነው፤ የአሁኑ ካቻቢቴ ወፍራም ሆኖ ከላይ ይንሳፈፍና ጭንቅላቱን ይበላዋል። ስለዚህ የካቻቢቴውን አፍ ሞርዱት፣ የጠመንጃውን ብሎን አትሞርዱ። በዚህ ሥራ ሞረድ የሚነሣው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሌላው፦ የስፌት መኪና ዘይት፣ ላምባ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ትንሽ የእጅ ሞርሳ፣ የነሐስ ወይም የጠንካራ እንጨት መምቻ፣ የካርቶን ቁራጭና ቁራጭ ቆዳ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ከአጠገባችሁ አርቁ። እነሱ ዝገቱን ብቻ አያነሡም፤ የብረቱን ፊት፣ የዘውዱን ምልክትና ጽሑፉን ጭምር ይበላሉ።

ቃታውን ከእንጨቱ ማውጣት

ዕቃዎቹን አንድ ጊዜ ስም እንስጣቸው። ከውጭ የሚታየው ሳንቃ የጎን ሰሌዳ ነው። ከበስተውስጡ ከመዶሻው ጋር አብሮ የሚዞር ጥርስ ያለው ብረት አለ፤ መዘውር እንበለው። መዘውሩ ሁለት ጥርስ አለው፦ መዶሻው በግማሽ ተስቦ የሚያርፍበት የጥበቃ ጥርስ፣ ሙሉ ተስቦ የሚቆምበት የተኩስ ጥርስ። ጥርሱ ውስጥ ገብቶ የሚቆልፈው ትንሽ ማንሻ ያዥ ነው። ምላጩ ሲሳብ የሚገፋው ይህን ያዥ ነው። ዋናው ሞላ መዶሻውን ያወርዳል፤ ትንሹ ሞላ ያዡን ጥርሱ ላይ ይጫናል። በላያቸው ድጋፍ የሚሆን ብረት በብሎን ታስሯል። ነገሩ ይኸው ነው።

መዶሻውን በግማሽ ሳቡት። ከጠመንጃው በሌላው ጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች ጥቂት ዙር ብቻ አላሉ፣ ሙሉ አታውጡ። ከዚያ የብሎኖቹን ጭንቅላት በእንጨት እጀታ እያፈራረቃችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ሰሌዳው ከእንጨቱ እኩል እየተነሣ ይወጣል። በቢላ ጫፍ ቆርቁራችሁ ለማንሣት አትሞክሩ። የእንጨቱ ከንፈር አንዴ ከተሰነጠቀ አይመለስም።

ብሎን አልፈታ ካለ ላምባና ዘይት ደባልቃችሁ ጠብ አድርጉበትና አሳድሩት። ነገም እምቢ ካለ ከነገ ወዲያ ይፈታል። መቶ ዓመት የተቀመጠ ብሎን ለአንድ ከሰዓት ብላችሁ አትስበሩት።

መጀመሪያ ሳትፈቱ መርምሩ

አሁን ቃታው እጃችሁ ላይ ነው። ወዲያው ወደ መፍታት አትሩጡ። መዶሻውን በአውራ ጣት ይዛችሁ ሳቡ፣ መልሳችሁ በእጅ አውርዱ። ይዛችሁ ነው፤ እንዲሁ እንዲወድቅ አትልቀቁት። ከእንጨቱ ውጭ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ችግሩ ከቃታው ሳይሆን ከእንጨቱ፣ ከምላጩ ወይም ከብሎኖቹ መጥበቅ ነው። ከእንጨት ውጭም እንቢ ካለ ችግሩ ብረቱ ውስጥ ነው። ይህች አንዲት ፈተና ብዙ ጉዳት ታድናለች።

ብዙ ጊዜ የምታዩት ከቅባት የተሠራ ቡናማ ሙጫ ነው። ድሮ ቅቤ ወይም ሞራ የተቀባ ብረት ከጊዜ በኋላ ቅባቱ ይበላሽና ብረቱን ራሱ መብላት ይጀምራል። ምድጃ አጠገብ ከተሰቀለ ደግሞ ጢስና አቧራ ይደባለቅበታል። ሙጫውን በላምባ በራሰ ብሩሽ አሹት። ከዚያ ጠመንጃው በቅርቡ ከተተኮሰ አንድ ሰው የማይጠብቀው ነገር አድርጉ፦ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። የባሩድ ጥቀርሻና የድሮ ካፕሱል የሚተዉት ጨው ነው። ጨው በዘይት አይለቅም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። ዘይት ከላይ ብትደርቡበት ሥር ሥሩን ይበላል። ካጠባችሁ በኋላ በጨርቅ አድርቁ፣ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ምድጃ ላይ አታድርቁት። ሞላ ብዙ ሙቀት ካገኘው ጥንካሬው ይሄዳል፤ ያኔ እውነትም ሞተ።

ሙሉ መፍታት የግድ ሲሆን

ውስጡ ዝጎ ከተያያዘ ብቻ ወደዚህ ግቡ። ካርቶኑ ላይ የቃታውን ቅርጽ ሣሉ። እያንዳንዱን ብሎን ካወጣችሁ በኋላ በሥዕሉ ላይ በነበረበት ቦታ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ብሎኖቹ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ በእጅ የተሠሩ ስለሆኑ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ላይገጥም ይችላል።

መዶሻውን ሙሉ ሳቡ። ዋናውን ሞላ በእጅ ሞርሳው ያዙት፣ እንዳይላቀቅ ያህል ብቻ ጠበቅ አድርጉ። ከዚህ በላይ ካጠበቃችሁት ይሰበራል። አሁን ያዡን ተጫኑና መዶሻውን ይዛችሁ አውርዱ፤ ሞላው ነጻ ሆኖ ይወጣል። ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ያመለጠ ሞላ ዓይን ያጠፋል። ቀጥሎ ትንሹ ሞላ፣ ከዚያ ያዡ፣ ከዚያ ደጋፊው ብረት ይፈታል። በመጨረሻ የመዶሻውን ብሎን አውጡ። መዶሻውን ከጎን በመዶሻ መምታት የለም። ሰሌዳውን እንጨት ላይ አስደግፋችሁ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ላይ የነሐስ መምቻ አኑሩና መዘውሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ምቱት። መዶሻው በራሱ ይለቃል። መግጠሙ የዚሁ ግልባጭ ነው።

ሁሉንም ስትገጥሙ መዘውሩ ሰሌዳው ውስጥ የሚዞርበት፣ ያዡ የሚዞርበትና ሞላው የሚነካበት ቦታ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ጣል አድርጉ። በቃ። የበዛ ዘይት ወደ እንጨቱ ይወርድና እንጨቱን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ እንጨት ቃታውን አጥብቆ አይይዝም።

ችግሩ ምንድን ነው?

መዶሻው ሙሉ ተስቦ አይቆምም። ቃታው ከእንጨት ውጭ የሚቆም ከሆነ ምላጩን እዩ። መዶሻው ወርዶ ሳለ ምላጩ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ያዡን ሁልጊዜ እየገፋው ነው። ወይም የያዡ ጭራ የሚገባበት የእንጨት ጉድጓድ ቆሻሻ ሞልቶታል፤ በስንጣሪ ጠርጉት። ከእንጨት ውጭም የማይቆም ከሆነ ጥርሱን በስልክ ባትሪና በማጉያ መስተዋት ተመልከቱ። ቆሻሻ ከሌለ፣ ጠርዙም ከተሸራረፈ፣ ሥራው የእናንተ አይደለም። በሞረድ «ሹል ላድርገው» የሚል ሰው አትስሙ። የጥርሱ ማዕዘን በጣም ትንሽ ከተቀየረ መዶሻው በነካ እጅ የሚወድቅ ይሆናል። ፊቱ ላይ ያለው ጥንካሬም ስስ ነው፤ ሞረድ ካነሣው ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ነው።

የጥበቃ ጥርሱ አይይዝም። ከሁሉም ችግር የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። መዶሻውን በግማሽ ሳቡና ምላጩን ተጫኑ፤ መውደቅ የለበትም። መዶሻውን ከኋላ በአውራ ጣት ወደፊት ግፉት፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። የጥበቃ ጥርስ ጥልቅና እንደ መንጠቆ የታጠፈ የሆነው ለዚህ ነው። ከወደቀ መንጠቆው ተሰብሯል ማለት ነው። ይህ ጠመንጃ ከዚህ በኋላ ለክብር ተሰቅሎ ይኑር። በሠርግም በለቅሶም፣ ማንም ቢለምን፣ አይጉረስ። መዶሻው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት፤ ልጆቻችሁም ምክንያቱን ይወቁ።

መዶሻው እየጎተተ ይወርዳል። መጀመሪያ ሁለቱን የጎን ብሎኖች ግማሽ ዙር አላልተው ሞክሩ። ከተሻለው በሽታው የታወቀ ነው፦ ብሎኖቹ ከመጠን በላይ ጠብቀው ሰሌዳውን እንጨቱ ላይ አጣመውታል። ካልተሻለው አንዱ ዕቃ እንጨት እየነካ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አሪፍ ዘዴ አለ። የኩራዝ ጥላሸት አስቀድማችሁ፣ ከጠመንጃው ርቃችሁ፣ ሳህን ላይ ሰብስቡ። በጠብታ ዘይት ለውሱትና የቃታውን ውስጥ በስሱ ቀቡት። ቃታውን ቦታው መልሱት፣ መዶሻውን አንድ ሁለቴ ሳቡ፣ መልሳችሁ አውጡት። እንጨቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ከጥፍር አትበልጥም። የሚነካው እዚያ ነው።

አሁን ግን ቢላችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ወሩን ቁጠሩ። ደሴና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ጦሳ ጉም ለብሶ ሲውል እንጨት ያብጣል። ክረምት ላይ የነካ እንጨት ጥር ላይ ላይነካ ይችላል። በክረምት የቀረፋችሁት በበጋ ክፍተት ሆኖ ይቀራል፤ ቃታውም ይወዛወዛል። ስለዚህ ጥላሸቱን በክረምት ካያችሁ ጠብቁ፤ ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ድገሙት። ያኔም ጥቁሩ ነጥብ ካለ ነጥቧን ብቻ በስለታም ቢላ ፋቅ አድርጉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ከሚሴ የወረደ ጠመንጃም ለሞቃቱ አየር ጊዜ ስጡት።

በሰሌዳው ውስጠኛ ፊት ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት ካያችሁ ደግሞ ዋናው ሞላ ሰሌዳውን እያሸ ነው። ብዙ ጊዜ ሞላው በትክክል ስላልተቀመጠ ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና አስገቡት።

ሞላው ተሰብሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እጥፋቱ ላይ፣ ዝገት የቦረቦረው ቦታ ላይ ነው። አይበየድም። ብየዳው ቢይዝም ሙቀቱ ሞላነቱን ያጠፋዋል። ከመኪና ባሌስትራ አዲስ ቀጥቅጦ፣ አጠንክሮና ማብረጃውን አውቆ የሚያወጣ አንጥረኛ ካገኛችሁ እሰየው፤ እንዲህ ያለ እጅ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል። ካላገኛችሁ ስብርባሪውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጠመንጃው ጋር አኑሩት። ከተጭበረበረ ሙሉ ይልቅ እውነተኛ ስባሪ ዋጋ አለው።

መዶሻው ኒፕሉን መሀል አይመታም። ኒፕሉ ጫፍ ላይ ስስ ሰም ለጥፉና መዶሻውን በእጅ ይዛችሁ አውርዱ። ሰሙ ላይ የሚቀረው ቀለበት ወደ አንድ ጎን ካደላ፣ መዶሻው መዘውሩ ላይ ላልቶ ሊሆን ይችላል፤ ብሎኑን አጥብቃችሁ ድገሙት። ኒፕሉን ለማውጣት በፒንሳ አትታገሉ። ለሱ የሚሆን ልዩ ቁልፍ አለው፤ ፒንሳ ያጎብጠዋል፣ አንዳንዴም ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ባለ ባልጩት ለያዛችሁ፦ ባልጩቱ በቆዳ ተጠቅልሎ ይታሰር፣ ስለቱ ብረቱን በሙሉ ወርዱ ይንካ። ብልጭታ ከጠፋ መጀመሪያ ባልጩቱን ቀይሩ። በአዲስ ባልጩትም ካልፈነጠቀ የሚመታው ብረት ፊት ጥንካሬውን ጨርሷል፤ እሱም የአንጥረኛ ሥራ ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት

መዶሻውን ባዶ ኒፕል ላይ «ቀጭ» እያደረጉ ለእንግዳ ማሳየት ልማድ ነው። ኒፕሉንም መዶሻውንም የሚጨርሰው ይሄ ነው። ማሳየት ከፈለጋችሁ በመሀላቸው ቁራጭ ቆዳ አድርጉ፣ መዶሻውንም በአውራ ጣት ይዛችሁ አውርዱ። ስትሰቅሉት መዶሻው ቆዳው ላይ ያረፈ ይሁን፤ ተስቦ የቆየ ሞላ ይደክማል።

ከምድጃው በላይ አትስቀሉት። ላስቲክ ውስጥም አትጠቅልሉት፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ ከግድግዳው ጥቂት ጣት አርቃችሁ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ነካክታችሁት ከሆነ የእጅ ላብ ጨው ስላለው በዘይት በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። በዓመት ሁለቴ እዩት፦ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰኔ ላይ ዘይቱን ለማደስ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ዝገት ጀምሮ እንደሆነ ለመያዝ። ገና ብርቱካንማ ዱቄት ሳለ በጨርቅና በጠብታ ዘይት ይነሣል።

ያያችሁትንና ያደረጋችሁትን በወረቀት ጻፉ፦ ቀኑን፣ የትኛው ብሎን አስቸጋሪ እንደነበር፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሑፍና ምልክት። በስልክ ፎቶ አንሡ። ወረቀቱን አጥፋችሁ ጠመንጃው ከተሸፈነበት ጨርቅ ጋር አብራችሁ እሰሩት።